ሐጂ ቡሽራ በጀርባቸው የመረመሩት መንገድ

ስሟ ለዚህ ወግ የማያስፈልግ፣ ግንቧ ያረጀ፣ ሚናራዋ ከጣሪያዎቿ ብዙም የማይርቅ አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። መንገዶቿ የተነጠፉት ግመል ጭነት ይዞ እንዲያልፍባቸው እንጂ መኪና እንዲነዳባቸው አልነበረም። ሆኖም መኪኖቹ መጡ፤ መጥተውም አረጁ። ከሌላ አገር ጡረታ የወጣ መኪና ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜውን የሚጀምረው እዚያች ከተማ ይመስል ነበር።

ከትልቁ መስጊድ ዝቅ ብሎ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸውም እንደ ቁመታቸው። የሱቃቸው ዕቃ በአመዛኙ አሞርዛተር ነበር፤ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ንጠቱን ተቀብሎ የሚውጠው፣ ከጎማው አጠገብ የሚገጠመው ያ ረዘም ያለ የብረት ቱቦ።

የከተማዋ ሰው አሞርዛተር የሚመርጠው በመዳፉ ነው። ዘንጉን ይጫናል፤ ቶሎ ከገባለት "ይኼ ምቹ ነው" ይላል፤ ካልገባለት "ይኼ አጥንት ይሰብራል" ብሎ ይመልሳል። ነጋዴዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ዕቃቸውን መደርደሪያ ላይ አጋድመው ያቆዩታል። የተጋደመ አሞርዛተር ውስጡ ያለው አየር ከዘይቱ ጋር ቦታ ይለዋወጥና ለጊዜው ለመዳፍ ይለሰልሳል።

ሐጂ ቡሽራ ግን ያቆሙታል። ወደ ሱቃቸው የገባ ሰው የሚያየው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ለጀማዓ ሶላት እንደተሰለፈ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ አሞርዛተሮችን ነው። ለመዳፍ እሺ አይሉም። ሰው ይጫናል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ይሄዳል። ጎረቤቶቻቸው ለምን አንድ ሳምንት አያጋድሟቸውም እያሉ መክረዋቸዋል። እርሳቸው ግን የዕቃን ዐይብ፣ ጉድለቱን፣ ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ የሌለውን ጥሩነት አስመስሎ መሸጥም የዚያው ወንድም ነው ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

ሚፍታህ የመጣው እንግዲህ እኚህ ሰው ዘንድ ነው።

*

ሚፍታህ ታክሲ ነጂ ነበር። የሚነዳው በዕድሜ የሚበልጠውን ፔጆ ነው። መኪናውን ሲገዛ ካምቢዮው ጸጥ ያለ ነበር፤ በሳምንቱ ማጓራት ጀመረ። ቢከፍተው ዘይቱ ውስጥ የመጋዝ ዱቄት ተሞልቶ አገኘ። ጩኸቱን ለማፈን ሆን ተብሎ የተሞላ ነው። የሸጠለት ሰው ደግሞ ረመዳንን በአንድ ማዕድ አብሮት ያፈጠረ ጎረቤቱ ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ሚፍታህ ስኳር ሲገዛ ቀምሶ፣ ሰው ሰላም ሲለው ዞር ብሎ አይቶ፣ ሲስቅለት ኪሱን ዳስሶ የሚኖር ሰው ሆነ። ደግ ሰው ሲገጥመውማ ይብስበታል። ክፉ ሰው የሚፈልገው ይታወቃል፤ ደግ ሰው የሚፈልገው በምን ይታወቃል?

ያን ሰሞን አባቱ፣ አቶ ኢድሪስ፣ ወፍ ሲጠብቁ ከማሽላ ማማ ላይ ወድቀው በከተማዋ ሆስፒታል አከርካሪያቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ቅዳሜ ይወጣሉ። ቤታቸው ቆላ ነው፤ ከከተማዋ በታች፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በጠጠር መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር። ሐኪሙ ሚፍታህን ገለል አድርጎ ነገረው። መቀመጥ አይችሉም፤ ተኝተው ይሂዱ። አንድ ኃይለኛ ንጠት ያስተካከልነውን ሊያበላሸው ይችላል። ያን ጊዜ እግራቸው ላይታዘዝላቸው ይችላል።

ሚፍታህ መኪናውን ያውቀዋል። የኋላ አሞርዛተሮቹ ካለቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንድ ጉድጓድ ከመታ ሦስት ጊዜ ይዘላል። አባቱ የሚተኙት ደግሞ ልክ ከእነሱ በላይ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አስቀድሞ ሙኽታር ዘንድ ሄደ። ሙኽታር ከሐጂ ቡሽራ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ያንኑ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሚፍታህ ከተጋደሙት መሃል አሥራ አንዱን ተጫነ። ከሁሉም ሳያንገራግሩ የገቡለትን ሁለቱን መርጦ ለብቻ አስቀመጠ። ሊከፍል ሲል ሙኽታር ፈገግ አለ። ሚፍታህ ፈገግታውን አልወደደውም። እመለሳለሁ ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

*

ሐጂ ቡሽራ ገና ውዱእ አድርገው መመለሳቸው ነበር። ሰላምታውን አንድም ቃል ሳያጎድሉ በሙሉ መለሱለት፤ ሚፍታህ ርዝመቱን ራሱ ጠረጠረው። የአባቱን ነገር ነገራቸው፤ ማዶ ሁለት መርጦ እንዳስቀመጠም ነገራቸው። ከዚያ ከቆሙት አንዱን ተጫነ። ግማሽ እንኳ ሳይገባ ቆመ፤ እጁን ሲያነሣም ዘንጉ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ወጣ።

"ሐጂ፣ ይኼ እኮ ድንጋይ ነው። ማዶ ያለው ይለሰልሳል።"

"ማዶ ያለው ተኝቶ ከርሟል" አሉ ሐጂ። "በመዳፍ አይታወቅም፣ ልጄ።"

ነገሩን በዝግታ አስረዱት። አሞርዛተር ቀጥ አድርገው አቁመው አምስት ስድስት ጊዜ እስኪስቡትና እስኪጫኑት ድረስ እውነተኛ ጠባዩን አያሳይም። አየሩ ወደ ላይ ሲወጣና ዘይቱ ቦታውን ሲይዝ ነው የሚታወቀው። ዘይቱ ፈስሶ ያለቀ ደግሞ ለመዳፍ ከሁሉም ይበልጥ ይለሰልሳል። የእርሳቸው ጋዝ የታመቀበት ነው፤ መኪናውን አጥብቆ ይይዛል፣ አያዘልልም፤ ለቁልቁለት ጥሩ ነው።

ሚፍታህ የሰማው አንድ ነጋዴ የገዛ ዕቃውን ሲያሞግስ ነው። ሐጂም ጆሮው እንደተዘጋ ከፊቱ አነበቡ መሰል፣ ሌላ ነገር አቀረቡ። በሸሪዓ ለገዢ የሚሰጥ ኺያር የሚባል መብት አለ፤ ዕቃውን ወስዶ፣ ሦስት ቀን ሞክሮ፣ ካልወደደው መመለስ። እንዲያ ይሁን አሉት። መያዣም አያስፈልግም።

መያዣ አያስፈልግም። ይህች ቃል ሚፍታህን አስደነገጠችው። ዕቃው የሌባ ይሆን? ወይስ ስንጥቅ ኖሮት ሲመልስ "የሰበርከው አንተ ነህ" ሊሉት ነው? ወይስ ሊድሩለት ያሰቧት ልጅ አለቻቸው? መልሱን ከፊታቸው ላይ ፈለገ። ፊታቸው ላይ ግን ያልደረቀ የውዱእ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

"የሚተኛበት የእርስዎ ጀርባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር፣ ሐጂ።"

እንዲያናድዳቸው ብሎ የወረወረው ስድብ ነበር። የተናደደ ሰው እውነቱ ያመልጠዋል ብሎ ያምናል።

ሐጂ ቡሽራ አልተናደዱም።

"ይህስ እውነት ነው" አሉ። "ግጠማቸውና ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ና። እኔ እተኛበታለሁ።"

*

ሚፍታህ ከመስጊዱ ጀርባ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ሁለቱን አሞርዛተሮች ገጠማቸው። ብሎኑን እያጠበቀ ሽማግሌው እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበር። እንግዳ መጣብኝ ይላሉ፣ ወገቤን ያዘኝ ይላሉ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሲመለስ ሐጂ ቡሽራ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ደጃፍ ቆመው ነበር። ከማዶ ሙኽታር ወጥቶ ያያል።

"ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜ ለሽርሽር?" አለ ሙኽታር።

"ለምስክርነት" አሉ ሐጂ።

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጫማቸውን አውልቀው የኋላ ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኙ፤ ጋቢውን ተንተራሱ፤ ቢስሚላህ አሉ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ከንፈራቸው ብቻ በዚክር፣ አላህን በማውሳት፣ ይንቀሳቀሳል።

ሚፍታህ መንገዱን በግማሽ ዓይኑ፣ ሽማግሌውን በመስታወቱ እያየ ነዳ። መጀመሪያ የከተማዋ የድንጋይ ንጣፍ፤ ከዚያ ጠጠሩ፤ ከዚያ ቁልቁለቱ። አባቱን ቢጭን ኖሮ የሚሸሸውን ጉድጓድ ፈልጎ ገባበት። አንዱን፣ ሌላውን። መኪናው እንደ ድሮው አልዘለለም፤ መሬቱን ጨብጦ ይሄዳል። ይህን ሳይወድ በልቡ መሰከረ። ግን ድንጋዩ አንድ በአንድ ይሰማል። ጡብ የምታህለዋም፣ ለውዝ የምታህለዋም ሳትቀር መሪው ላይ ትደርሳለች።

በመስታወቱ ውስጥ የሽማግሌው ከንፈር ሲቆም አየ። ድንጋይ በመጣ ቁጥር ዚክሩ ይቋረጣል፤ ዓይናቸው ጭምድድ ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ሚፍታህ መቁጠር ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ ካለው ድልድይ ደርሶ እስኪመለስ፣ ተመልሶም ሱቁ ደጃፍ እስኪቆም ድረስ ዚክሩ አሥራ ሰባት ጊዜ ተቋርጧል። ቁጥሩን በደንብ ያዘው። አሁን ሽማግሌው "ምንም አይልም፣ ምቹ ነው" ይላሉ። እሱም "አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ሐጂ" ይላቸዋል። መልሱን ጥርሱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ሐጂ ቡሽራ ተነሥተው ለመቀመጥ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሚፍታህ እጁን አልሰጣቸውም። የሚመጣውን ውሸት እየጠበቀ ነበር። በሦስተኛው የፊቱን ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ እግራቸውን አውጥተው ጫማቸውን ፈለጉ። ሙኽታርና ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ቀርበው ቆመዋል።

"ለአባትህ አይሆንም" አሉ ሐጂ ቡሽራ።

ሚፍታህ ቆጥሮ የያዘው አሥራ ሰባት የሚውልበት ጠፋ።

ሐጂ ወገባቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ከቆሙት ሰዎች ሳይደብቁ ተናገሩ። መኪናውን ይይዛል ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ትንንሹን ድንጋይ ሁሉ ወደ ጀርባ ያሳልፋል። ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ቁስሉ ላልጠገገ አከርካሪ ግን ጥሩ ነው ማለታቸው ስህተት ነበር፤ ሳይመረምሩ ተናግረዋል፤ አስተግፊሩላህ። ፈትቶ ይመልስላቸው።

"ታዲያ የቱን ልግዛ?" አለ ሚፍታህ። ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

ሐጂ በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱ።

"ሙኽታር ጋዝ የሌለበት፣ ዘይት ብቻ የሆነ አለው። ለአሮጌ መኪናና ለታማሚ የሚለሰልሰው እሱ ነው። ግን አቁመህ ስድስት ጊዜ ሳበው። በመረጥካቸው ሁለቱ ጀምር።"

*

በማግሥቱ ጠዋት ሚፍታህ መንገዱን ሲሻገር ጥርጣሬው እጥፍ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ነጋዴዎች ተስማምተው ይሆን? አንዱ እያባረረ፣ አንዱ እየያዘ?

የሚገርመው ሙኽታርም ያንኑ ያስብ ነበር።

"ሐጂ ትናንት ወደ እኔ የላኩህ ከልባቸው ነው?" አለ። "እኔ ለእሳቸው በሕይወቴ ደንበኛ ልኬ አላውቅም። ምን አስበው ነው?"

ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው የሽማግሌውን ሱቅ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ፤ ወጥመዱ የት እንደተጠመደ ፈለጉ። ሐጂ ቡሽራ ደጃፋቸውን እየጠረጉ ነበር።

ሚፍታህ የመጀመሪያውን አነሣ፤ ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ሳበ፣ ተጫነ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ውስጡ ሲሞላ ተሰማው፤ በስድስተኛው ላይ ዘንጉ ሲገባም ሲወጣም እኩል፣ ለዘብ ባለ ጉልበት እየተቃወመ ሄደ። ደህና ነበር።

ሁለተኛውን አነሣ። ይህ ከአሥራ አንዱ ሁሉ ይበልጥ የወደደው ነው፤ ረቡዕ ጠዋት "የአባቴ ዕቃ" ብሎ በጣቱ መታ መታ ያደረገው። ሳበ፣ ተጫነ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ምንም የለም። በስድስተኛውም፣ በአሥረኛውም ባዶ ነው። ገልብጦ ከዘንጉ ሥር ያለውን በጥፍሩ ፋቀው። ከአዲሱ ጥቁር ቀለም በታች አሮጌ ዘይትና ዝገት ወጣ። ሬሳ ነበር፤ ቀለም የተቀባ ሬሳ። ነገ ይህን ገጥሞ፣ ከነገ ወዲያ አባቱን በላዩ አስተኝቶ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነበር።

ሚፍታህ ዕቃውን ወደ ባለሱቁ ዘረጋ። ሙኽታርን አየው። ሙኽታር ዕቃውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጥግ ወዳለው ቁርጥራጭ ብረት ወረወረው። ያውቅ ነበር? አያውቅም ነበር? አላሁ አዕለም። ከዚያ ግን ማንም ሳያዘው መደርደሪያው ላይ የተጋደሙትን አንድ በአንድ እያነሣ ያቆማቸው፣ ይስባቸው ጀመር። ሁለት ተጨማሪ ባዶ አገኘ። እነሱንም ወረወራቸው። በመጨረሻ ለመጀመሪያው እኩያ የሚሆነውን አግኝቶ በጨርቅ ጠርጎ ለሚፍታህ ሰጠው።

ሚፍታህ ሊወጣ ሲል ሙኽታር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። ሐጂ የባዶዎቹን ነገር ለሌላ ሰው ያወሩት ይሆን?

"ለእኔም የነገሩኝ አቁመህ ሳበው ብለው ብቻ ነው" አለ ሚፍታህ።

*

ቅዳሜ አቶ ኢድሪስን ሦስት ሰው ከነፍራሻቸው አንሥቶ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛቸው። ሚፍታህ ከከተማዋ ሲወጣ መሪውን የያዘበት ጣቱ ነጥቶ ነበር። የድንጋይ ንጣፉን አለፈ። ጠጠሩ ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ ሽማግሌው ከንፈራቸው የቆመበት ቦታ ሁሉ ትዝ አለው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሳይደርስ ትንፋሹን ይይዛል። መኪናው ወደ ጉድጓዱ ዝቅ ይልና እንደ ሸክላ ተሸካሚ ሴት ተጠንቅቆ ቀና ይላል። ትንንሾቹ ድንጋዮች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

አቶ ኢድሪስ መጀመሪያ ዝም አሉ። ዝምታው ሚፍታህን አስፈራው። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ተናገሩ።

"ያ የጎረቤታችን በሬ ማሽላዬ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። አጥሩን ማን አየልኝ?"

ማንም አላየውም ነበር። አቶ ኢድሪስ ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ በአጥሩ፣ በበሬው፣ በበሬው ባለቤትና በባለቤቱ አያት ጭምር ሲማረሩ ወረዱ። ሚፍታህ በሕይወቱ እንደዚያ የጣፈጠ ምሬት ሰምቶ አያውቅም። ያመመው ሰው ስለ አጥር አያወራም። ቤት ደርሰው አልጋቸው ላይ ሲያሳርፏቸው ከጋቢያቸው ጫፍ የወጡትን የእግር ጣቶቻቸውን አያቸው። የሁለቱም እግሮች ጣቶች ተንቀሳቀሱ። አልሐምዱሊላህ አለ፤ ወደ ውጭ ወጥቶም መኪናው ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

*

ሰኞ ዕለት ሐጂ ቡሽራ ዘንድ ሄደ። አባቱ ደህና መግባታቸውን ነገራቸው፤ ቀጥሎ ያሰበውን ሁሉ ሳይደብቅ ዘረገፈው። ሌባ ብሎ እንዳሰባቸው፣ ዚክራቸውን እንደቆጠረ፣ ሊነሡ ሲሞክሩ እጁን ሆን ብሎ እንደከለከላቸው፣ ልጃቸውን ሊድሩለት እንደሆነ እንደጠረጠረ።

"ልጆቼ ሁሉ ተድረዋል" አሉ ሐጂ። "በዚህ በኩል አትስጋ።"

"አውፍ ይበሉኝ፣ ሐጂ። ከእንግዲህ ሰው አልጠረጥርም።"

ሐጂ ቡሽራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ቃል አትግባ፣ አትጠብቀውም አሉት። ከዚያ አጠገባቸው እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት፤ ከተቀመጠም በኋላ እንዲህ አሉ፦

"ጥርጣሬን ከራስህ ጀምር። ለሰው የሚተርፍህ ካለ፣ ያን ጊዜ ትሰጠዋለህ።"

*

ዑለማዎቻችን ስለ ሱኡ ዘን፣ ሰውን በክፉ ስለ መገመት፣ ብዙ አስተምረዋል። ሐጂ ቡሽራ ያን ትምህርት አንሥተው ሚፍታህን ሊገሥጹት፣ አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ለምን ቢባል፣ ያች ክፉ ቃል፣ "የእርስዎ ጀርባ ቢሆን ኖሮ" የምትለዋ፣ በመጥፎ ኒያ፣ በመጥፎ ሐሳብ፣ የተነገረች እውነት ነበረች። የእርሳቸው "ጥሩ ነው" ደግሞ በንጹሕ ኒያ የተነገረ ስህተት ነበር። አልዋሹም። ግን ያልዋሸ ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ይህን እኛ አዘውትረን እንረሳዋለን። እውነተኞች ነን ብለን ስለምናምን የተናገርነውን ተመልሰን አንመረምርም።

ሚፍታህ ጎረቤቱን፣ ሙኽታርን፣ ሐጂን፣ ፈገግታን፣ ሰላምታን ጠረጠረ። ባዶውን ዕቃ የመረጠለትን የገዛ መዳፉን ግን አልጠረጠረም። ደግነቱ መዳፍን መጠርጠር ቀላል ነው፤ ስድስት ጊዜ መሳብ ይበቃል። ሰባ ዓመት ሙሉ እውነት ስትናገር የኖረችን ምላስ መጠርጠር ግን፣ ቃሏንም ለመመርመር ሲባል በሽምግልና ጀርባ ተኝቶ ድንጋያማውን መንገድ ወርዶ መውጣት፣ ከዚያም ጎረቤትና ተፎካካሪ ቆሞ እየሰማ "ተሳስቻለሁ፣ ማዶ ሂድ" ማለት ከብዙ ሰው የሚጠበቅ አይደለም።

ከሌቦችና ከአታላዮች እንዲጠብቀን አላህን በየቀኑ እንለምነዋለን፤ መልካም ነው። ከገዛ እርግጠኝነታችንም ይጠብቀን።